ሽማግሌ ለሌለው ተከራይ

«ሽማግሌው እዚሁ ቢሞቱብንስ? ድንኳኑን የት ልንተክለው ነው፣ በሠርጉ ዳስ ላይ?» ብላ የጠየቀችው አከራያችን እትዬ አስናቀች ናት። የጠየቀችው ባሏን ጋሽ ይታያልን ነው፤ የሰማነው ግን እኔና አባቴ ነን። በእኛና በእነሱ መካከል ያለው ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ያውም ጭዱ የረገፈ ጭቃ፤ እነሱ ዘንድ ያለ ሰው ሲያዛጋ እኛ ዘንድ አፍ ይከፈታል። አባቴ ዳቦ በሻይ ነክረው ወደ አፋቸው ሊያደርሱ ነበር። እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ፤ የራሰው ዳቦ ተቆርሶ ሻዩ ውስጥ ወደቀ። በማንኪያ ፈልገው አወጡትና በሉት። «ዛሬ ሻዩ ጥሩ ነው» አሉኝ። «አዎ፣ ቅርንፉድ ጨምሬበታለሁ» አልኳቸው። የሰማነውን እንዳልሰማን ለመሆን ቅርንፉድ የሚያስፈልገን ቤተሰብ ነን፤ እግዜር ያሳያችሁ። ጋሽ ይታያል ምን ብሎ እንደመለሰላት አልሰማሁም። እሱ ከሚስቱ ጋር ሲነጋገር የሚሰማው ጉሮሮውን ሲጠርግ ብቻ ነው።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። እትዬ አስናቀች ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጥርሷን አስቀድማ ገባች። መጀመሪያ ጎንበስ ብላ የአባቴን ጉልበት ሳመች። «እንዴት አደሩ አባባ? እግርዎ እንዴት ነው ዛሬ?» አለች። አባቴም መረቋት፤ ምን ያድርጉ፣ ጉልበት የሳመ ይመረቃል። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «የኔ እናት ሀብትዬ፣ እንግዲህ ሠርግ አለብን፤ ከአዲስ አበባ እንግዳ ይመጣብናል፤ ክፍሏን እስከ ነገ ማታ ብትለቂልን ምን ይመስልሻል?» አለችኝ። ሠርጉ ገና አምስት ሳምንት ይቀረዋል። ከአምስት ሳምንት በኋላ ላለ ሠርግ ከአሁኑ የተነሳ እንግዳ ከአዲስ አበባ በእንብርክኩ ነው የሚመጣው ማለት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ግቢዋን ጠርጌላታለሁ፤ የልጇን የሠርግ መጥሪያ እንኳ ምንም ሳልቀበል የጻፍኩላት እኔ ነኝ። ይህንን ልነግራት አፌን ስከፍት አባቴ ቀደሙኝ። «ይገባል፣ ይገባል፤ ሠርግ ያለበት ቤት እኮ ይጠብባል» አሏት። እሷም «እርስዎ እኮ አዋቂ ሰው ነዎት» ብላ ወጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብር ያለው ሰው ሞጣ ውስጥ ቤት አያጣም፤ የሌለውም ዳር ዳሩን አያጣም። ወደ ዳር ከወጡ በአንድ ሺህ ብር ሁለት ክፍል ከነጓሮው ይገኛል። የእኔ ችግር አባቴ ያላቸው ሁለት መቶ እርምጃ ብቻ መሆኑ ነው። ኅዳር ላይ ከብቸና ሲመጡ ሐኪሙ «ልባቸው ደክሟል፤ በየሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ ይምጡ» ብሎኛል። ሁለት መቶ ከተራመዱ በኋላ ከንፈራቸው ይጠቁርና ዓይናቸው መቀመጫ ይፈልጋል። እኔ ቆጥሬዋለሁ፤ እሳቸውም ሳይቆጥሩት አልቀሩም፤ ተነጋግረንበት ግን አናውቅም። ከጊዮርጊስ በር እስከ ገበያው አፍ ባለው ሰፈር ሁለት መቶ እርምጃ ማለት ሙሉ ዓለም ነው። በሰማንያው ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይደረሳል፤ በመቶ ሃያው ጤና ጣቢያው፤ በመካከል ሻይ ቤቱ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ እኔ የምሠራበት ጽሕፈት ቤትም እዚያው ነው። ከግንደወይን ጤፍ ጭኖ የመጣው፣ ከመስጊድ የወጣው፣ ከማኅበር የተመለሰው፣ ባጃጁ፣ አህያው፣ ሁሉም በዚያች መንገድ ያልፋል። አባቴ በየደረሱበት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ከሁሉም ጋር ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ብቸና ፍርድ ቤት በር ላይ ሠላሳ ዓመት የሰው ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሰው ካላዩ አይሆንላቸውም። ዳር ላይ ያለ ሁለት ክፍል ለእሳቸው አልጋና ጣሪያ ማለት ነው። ስለዚህ እስከ ነገ ማታ እዚሁ ሰፈር፣ ደረጃ የሌለው፣ አንድ ክፍል ማግኘት አለብኝ። አለዚያ አባቴን ጣሪያ እያዩ እንዲያልቁ ዳር ወስጄ መጣሌ ነው።

የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት ባሕር ዳር ሄዷል፤ ቁልፉ በእኔ እጅ ነው። አባቴን ከአስናቀች ጥርስ ጋር ግቢ ውስጥ ትቼ መውጣት አንጀቴ እንቢ ስላለኝ ይዣቸው ሄድኩ፤ ከፎቶ ኮፒው ማሽን አጠገብ ወንበር ሰጥቼ አስቀመጥኋቸው። ከዚያ ደላላውን ሙሐመድያሲንን ጠራሁት። ሙሐመድያሲን አባቱም አያቱም እዚሁ ሞጣ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው፤ እሱ ጨርቁን ትቶ የሰው ቤት እያሳየ ይኖራል። ክፉ ሰው አይደለም። አፉ ግን መዝጊያ የለውም። «ሀብትነሽ፣ አንድ ነገር ልምከርሽ» አለኝ፤ «አባትሽን ጭራሽ እንዳታነሺ። ብቻዬን ነኝ በይ። ዕቃሽን ካስገባሽ በኋላ ቀስ ብለሽ ታመጫቸዋለሽ። ቤት የገባን ሽማግሌ ማን ያስወጣል?» ይህንን ሲለኝ አባቴ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ናቸው። «ኮንትሮባንድ አደረግሃቸው እኮ» አልኩት። «ምን ላርግ እቴ፣ ዘመኑ ነው» አለ። አባቴ የማሽኑን አረንጓዴ መብራት ያያሉ፤ ጆሯቸው ግን ከእኔና ከእናንተ ጆሮ የተሻለ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሰው ብሶት ያዳመጠ ጆሮ ነው።

አባቴን እዚያው ወንበራቸው ላይ ትቼ ወጣሁ፤ ሙሐመድያሲን መጀመሪያ የወሰደኝ አቶ ስጦታው አዲስ ያሠራው ባለ ሦስት ፎቅ ጋ ነው። ሰማያዊ መስታወት ለብሷል፤ ሞጣ ሰው «አፓርታማው» ይለዋል። እናቶቻችን አንድ ክፍል የሚሉትን አቶ ስጦታው ስቱዲዮ ይለዋል፤ በዚህች ቃል የተነሳ ኪራዩ ሰባት ሺህ ገብቷል፤ የስድስት ወር በቅድሚያ። እኔን ያሳየኝ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችውን ባለ አራት ሺዋን ነው። ሻወር አላት፤ ውሃው አይወጣም። የእጅ መታጠቢያ አላት፤ እሱም ውሃው አይወጣም። «ውሃው ሲስተካከል ኪራዩ ይጨምራል» አለኝ ኩራት በተሞላ ድምፅ፤ አሁን ባለመምጣቱ እያመሰገንሁት እንድኖር መሆኑ ነው። ከመስኮቱ የሰፈራችን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል። «ሁሉ ነገር በእግርሽ ነው፤ መናኸሪያው፣ ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፤ ባጃጅ አያስፈልግሽም» ይለኛል። እኔ ደረጃውን ቆጥሬ ወጥቻለሁ፤ አርባ ስድስት ነው። ለማንኛውም ብዬ «ምድር ቤት የላችሁም?» አልኩት። «ምነው፣ ብቻሽን አይደለሽ?» አለ። ምላሴ ይቆረጥና «አባቴ አሉ» አልኩ። ሙሐመድያሲን ጣሪያ ጣሪያውን አየ። አቶ ስጦታው ዕድሜያቸውን ጠየቀኝ፤ ሰባ ስምንት አልኩት፤ ሕመማቸውን ጠየቀኝ፤ የማይሠራውን ቧንቧ ከፍቼ ዘጋሁ። «እኔ እኮ ለእሳቸው ብዬ ነው፤ ደረጃው ይጎዳቸዋል» አለ፤ ምድር ቤት ለጠየቅሁት ለእኔ። ያን ቀን ለአባቴ ያላሰበ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ቤት ለመድረስ መቶ እርምጃ እንኳ አይሞላም፤ ግን ደጃፉ ላይ ቆምኩ። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። «የሚከራይ አንድ ክፍል። ልጅ ለሌለው፣ ውሻ ለሌለው፣ ከሰል ለማያቀጣጥል፣ ሽማግሌ ለሌለው ተከራይ ብቻ» ይላል። ፊደሉን አወቅሁት፤ ከሥሩ ያሰመርኳትን መስመርም አወቅኋት። መስከረም ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ መጥታ አንድ በአንድ ስትነግረኝ ሳቄን ይዤ ነበር የጻፍኩት፤ «ሽማግሌ» የሚለውን ከውሻና ከከሰል በኋላ ማስቀመጧን እንኳ ለጽሕፈት ቤቱ ባለቤት ነግሬው አብረን ስቀናል። ጎላ ብሎ እንዲታይ አጥቁሬ ያተምኩትም እኔው ነኝ። ያኔ አባቴ ብቸና ነበሩ፤ ሽማግሌ ማለት የሰው ሽማግሌ ማለት ነበር። ሙሐመድያሲን «ማንኳኳት እንችላለን» አለ። «ተወው» አልኩት። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ እንግዲህ፤ ሌላውን ስሰድብ እንደዋልኩ የራሴንም መናገር አለብኝ።

እኩለ ቀን ላይ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተመለስን። ለአባቴ ሽሮ ከሻይ ቤቱ አስመጣሁላቸውና ደጅ ወጥቼ ለወንድሜ ለእዮብ ደወልኩ። እዮብ የሚኖረው ብቸና ነው፤ የሚኖረው ደግሞ በአባቴ ቤት ነው፤ የአባቴ ቤት አራት ክፍል አለው። ይህን ያህል ይበቃል። «አባታችንን ለሁለት ሳምንት ብቻ ተቀበልልኝ፣ ቤት እስካገኝ» አልኩት። «ኧረ በደስታ ነበር» አለና ቆመ። በሙሉ ሕይወቴ እንደ ‹በደስታ ነበር› የሚያስጠላኝ አማርኛ የለም። ከዚያ ግድግዳው እየተለሰነ ነው አለኝ፤ ከዚያ የሚስቱ እህት መጥታለች አለኝ፤ ከዚያ ኔትወርኩ ተቋረጠ አለኝ፤ ኔትወርኩ ግን አልተቋረጠም፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ኳስ የሚያስተላልፈው ሰው ሲጮህ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋንም። እሱ እኔ እስክዘጋ ይጠብቃል፤ እኔ እሱ እስኪያፍር እጠብቃለሁ። ሂሳቤ አለቀና ስልኩ ራሱ ተዘጋ። ስመለስ አባቴ ሽሮውን ግማሽ አድርሰዋል። «እዮብ ነበር?» አሉኝ። «አዎ፤ ሰላም ብሎዎታል» አልኳቸው። «እግዜር ይስጠው» አሉና መንገዱን ማየት ቀጠሉ። ሳህኑን አነሣሁ።

ከሰዓት በኋላ ሙሐመድያሲን እየሮጠ መጣ። «አገኘሁ! እትዬ ይርጋነሽ ቤት፤ መሬት ላይ፣ ደረጃ የለ፣ ምን የለ፤ ሁለት ሺህ አምስት መቶ» አለኝ። ሄድኩ። ከጽሕፈት ቤታችን ዘጠና እርምጃ፣ ከጊዮርጊስ በር መቶ ሰላሳ። ክፍሏ ሰፊ ናት፤ ሲሚንቶዋ አልተሰነጠቀም፤ በሯ ፀሐይ ፊት ለፊት ነው፤ ደጇ ላይ ሰው ሊቀመጥበት የሚችል የድንጋይ መደብ አለ፤ ከመደቡ መንገዱ ይታያል። ልቤ ዘለለች። እትዬ ይርጋነሽ ሃምሳ አምስት የሚሆናት ሴት ናት፤ ባሏ ሞቷል፤ የምትተዳደረው ሁለት ክፍል አከራይታ ነው። ዓይን ዓይኗን እያየሁ «አባቴ አሉ፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ልባቸው ታሟል» አልኳት። ሙሐመድያሲን ፊቱን አዞረ። ከዚህ በላይ መደበቅ ሰልችቶኝ ነበር።

እሷ ግን እንደሌሎቹ ለአባቴ አላሰበችም። መደቡ ላይ ቁጭ ብላ እኔንም አስቀመጠችኝና እቅጩን ነገረችኝ። «እኔ ልጄ አላሞኝሽም። ከዚህ ክፍል ሁለት ሬሳ ወጥቷል። መጀመሪያ አንድ አስተማሪ፤ ቀጥሎ አንዲት አሮጊት። እድሩ ድንኳን ተክሎ፣ ሰው ሞልቶ፣ እኔ ውሃ ሳቀርብ ሳለቅስ ሰንብቼ፣ ካለቀ በኋላ ክፍሉ ስምንት ወር ባዶውን ዋለ። ሰዉ ‹ሬሳ ቤት› ብሎ ሰየመው። በዚያ ስምንት ወር ምን እንደበላሁ እኔና እግዜር እናውቃለን። ሦስተኛ ከወጣ አልቆልኛል» አለችኝ። ምን ልበላት? ሐሰት የለበትም። ቀኑን ሙሉ ውሸታም ሲያናድደኝ ውሎ እውነተኛ ሰው ሳገኝ የባሰ ጨነቀኝ። «ስለዚህ ይምጡ፤ ይኑሩ፤ ፀሐይ ይሙቁ፤ እኔም እጦራቸዋለሁ። እዚህ ግን አይሙቱብኝ። ሕመሙ ሲጠና ትወስጃቸዋለሽ። ይኸንን በውል ትጽፊልኛለሽ» አለች። «ወዴት ነው የምወስዳቸው?» አልኳት። «አገራቸው የት ነው?» አለች። «ብቸና፤ ወንድሜ እዚያ ነው።» «እና ወደ ብቸና ነዋ!» አለች፤ ከዚህ የሚቀል ነገር ያለ አይመስላትም። መደቡን አየሁት፤ መንገዱን አየሁት። «እሺ» አልኩ። እሺ ስል ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ ያ ነው እስካሁን የሚያናድደኝ።

«በይ እንግዲህ፣ ጸሐፊ መሆንሽን ሰምቻለሁ፤ ዛሬውኑ ጻፊው፤ ነገ ሌላ ሰው ሊያየው ቀጠሮ አለኝ» ብላ ነጠላዋን ለብሳ ተከተለችኝ። ጽሕፈት ቤቱ ስንደርስ መብራት ጠፍቷል። «እስኪመጣ በእጅሽ አርቅቂው» አለች። አባቴ በወንበራቸው ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል። እትዬ ይርጋነሽ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ «እንደምን ዋሉ አባቴ» ብላቸው አለፈች። «ይመስገን» አሏት። ያኔ ‹አባቴ እሳቸው ናቸው› ማለት ነበረብኝ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ብነግራት ግን ያንን ውል ፊታቸው ላይ ለመናገር ታፍራለች፤ ካፈረች ውሉን አትፈርምም፤ ካልፈረመች ክፍሏን ለነገው ሰው ትሰጣለች። ይኸንን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩና አንገቴን ደፍቼ ወረቀት አወጣሁ። ሙሐመድያሲንም አየኝና ጫማውን ማየት ጀመረ። መዝጊያ የሌለው አፍ መዝጊያ ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ውሉን እስከ ስምንተኛው አንቀጽ ድረስ እጄ ያውቀዋል፤ ውሃና መብራት፣ የኪራይ ቀን፣ ሲለቁ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ፤ በቀን ሦስቴ የምጽፈው ነው። ዘጠነኛው ላይ ቆምኩ። «ጻፊ እንጂ» አለች እትዬ ይርጋነሽ፤ ጮክ ብላ፤ «የተከራይ አባት ሕመም ሲጠናባቸው ወደ ብቸና፣ ልጃቸው ቤት ትወስዳቸዋለች።» ጻፍኩት። ቀና ማለት ፈራሁ። ከጀርባዬ ወንበሩ ተንቋቋ፤ የአባቴ እጅ በትከሻዬ በኩል መጣ። «እስቲ አሳዪኝ» አሉ። እትዬ ይርጋነሽ «እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?» አለች። ሙሐመድያሲን ቶሎ ብሎ «የድሮ ጸሐፊ ናቸው፤ ሕግ ያውቃሉ» አላት። «እንዲያውም ጥሩ፤ ይዩልኝ» አለች፤ ደስም አላት።

አባቴ መነጽራቸውን አውጥተው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉና ከአንድ ጀምረው አነበቡ። ሰው ማመልከቻውን ሲያቀርብላቸው እንደሚያደርጉት ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ምንም ሳይቸኩሉ። ሦስተኛው ላይ «ከፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሠላሳ አንድን አልጠቀስሽም» አሉኝ። «መጨረሻ ላይ ነው የምጠቅሰው» አልኩ። «ደግ።» ወረዱ። ዘጠነኛው ላይ ደረሱ። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢጮሁብኝ በወደድኩ። ‹ሀብትነሽ፣ አንቺ ነሽ ይህን የጻፍሽ?› ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ወደ እትዬ ይርጋነሽ ዞሩ። «እመቤት፣ ይኸ አንቀጽ አያስኬድሽም» አሏት። «ምነው አባቴ?» «‹ሕመም ሲጠና› ማለት ምን ማለት ነው? ማን ይመዝነዋል? ልጅቱ አልጠናም ትላለች፤ አንቺ ጠንቷል ትያለሽ፤ ዳኛው ፊት ስትደርሱ ይወድቃል። በዓይን የሚታይ ነገር መጻፍ አለበት። ‹ያለ ሰው ድጋፍ ከአልጋ መነሣት ባቃታቸው በሦስተኛው ቀን› ይባል። ያን ጎረቤትም ይመሰክረዋል።»

«አቤት አዋቂነት! እንዲያ ይባል» አለች እትዬ ይርጋነሽ። እኔ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት። «ጻፊ ልጄ» አሉኝ አባቴ። ጻፍኩ። «አሁን ደግሞ ብቸና የሚለውን አውጪው» አሉ። እትዬ ይርጋነሽ «እንዴ፣ እሱ እኮ ነው ዋናው!» ብላ ተነሣች። አባቴ በትዕግሥት፣ ብቸና ፍርድ ቤት በር ላይ ለገበሬው እንደሚያስረዱት አድርገው አስረዷት። «ተቀባዩ ያልፈረመበት ቤት በውል አይጻፍም፣ እመቤት። ልጁ አልቀበልም ቢል ውልሽ ቁልቁል ይሄዳል። ‹ከግቢው ይወጣሉ› ብለሽ ዝጊው። ወዴት እንደሚወጡ አንቺን አይመለከትሽም።» የእኩለ ቀኑን ስልክ ሰምተዋል፤ ደጅ ወጥቼ ያወራሁትን፣ ወይ ደግሞ ሳይሰሙም ያውቁታል፤ ልጃቸው አይደል። እትዬ ይርጋነሽ አሰበችበትና «እውነትዎን ነው፤ እኔ ምን አገባኝ» አለች። ብቸና የሚለውን ሰረዝኩት። ሙሐመድያሲን ስልኩን አውጥቶ ያልተደወለለትን ጥሪ ይዞ ደጅ ወጣ።

መብራቱ መጣ። ቁጭ ብዬ ተየብኩት። ሌላ ጊዜ የሚያሳስተኝ ጣት ያን ቀን አንድ ፊደል አልሳተም። ሦስት ምስክር ያስፈልጋል፤ ሙሐመድያሲን አንድ፣ ከጎን ያለው ፀጉር አስተካካይ ሁለት፤ ሦስተኛ ብንል የገበያ ቀን ነው፣ ሁሉም ይቸኩላል። እትዬ ይርጋነሽ «እኚህ አባት ይፈርሙልኛ፤ ውሉን ያበጁት እሳቸው» አለች። «እፈርማለሁ» አሉ አባቴ። «ይተዉ» አልኳቸው ቀስ ብዬ፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማሁት ተቃውሞ ያቺ ናት፤ እሷም በሹክሹክታ። አልሰሙኝም፤ ወይ ሰምተዋል። እጃቸው ሻይ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል፤ ሲፈርሙ ግን አልተንቀጠቀጠም። አካለ ወልድ ብለው ስማቸውን ጻፉ፤ የ‹ወ› እግር ሲዘረጋ፣ የ‹ድ› ጭራ ሲጠመዘዝ፣ የዱሮ ፊደል። ፊርማቸው ከተዋዋዮቹ ፊርማ ሁሉ ያምራል። እትዬ ይርጋነሽ ፊደል አታውቅም፤ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። በወረቀቱ ላይ የእኔ አባት ስምና የምስክሩ ስም አንድ መሆኑን ማን ይንገራት?

«እድሜ ይስጥልኝ አባቴ» አለቻቸው፤ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ዛሬ ጉልበታቸውን የሳመች ሁለተኛዋ አከራይ ናት። ከዚያ ቅጂዋን ይዛ ወደ እኔ ዞረችና «በይ ልጄ፣ ክፍሏ ከአሁን ጀምሮ ያንቺ ናት፤ ቁልፉ ይኸው። አባትሽን መቼ ነው የምታመጫቸው?» አለችኝ። አባቴ በከዘራቸው ተደግፈው ከወንበሩ ተነሡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ቤቱ ሩቅ ነው ወይ፣ እመቤት?» አሏት።

መጀመሪያ አልገባትም። እሳቸውን አየች፤ እኔን አየች፤ ፊታችን ይመሳሰላል፣ ግንባራችን አንድ ነው። እጇ ወደ አፏ ሄደ። «በሞትኩት!» አለች። ፊቷ ተለዋወጠ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ወረቀቱ በእጇ ውስጥ ተጨማደደ። አሁን ትቀድደዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እሷ ከቀደደችው እኔም የእኔን እቀድዳለሁ። ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። እሷ ግን የተጨማደደውን ወረቀት በመዳፏ አስተካክላ፣ አራት አጥፋ፣ በመቀነቷ ውስጥ ከተተችው። እኔም የእኔን ቅጂ መሳቢያ ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩት። ከዚያ እሷ በግራ፣ እኔ በቀኝ፣ አባቴን በክንዳቸው ደግፈን ወደ ቤቱ ወሰድናቸው።